ዕጣውን የለቀቀበት ምክንያት

እኔ በፒንግፖንግ ቀልድ አላውቅም። የፈለገ ይሳቅ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ እናቴም «ጸዮን፣ ባል በምትፈልጊበት ዕድሜ ኳስ ታባርሪያለሽ» እያለች ታበሳጨኛለች። ቢሆንም እሑድ ከሰዓት ራኬቴን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ኮሚኒቲ ሴንተር ካልሄድኩ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም።

ማኅበራችን «ሃያ አንዶች» ይባላል። ዓለም ጨዋታውን ወደ አሥራ አንድ ነጥብ ካሳጠረው ስንት ዘመኑ ነው። እኛ ግን በየቀበሌያችን አዳራሽ በተማርነው ሕግ እስከ ሃያ አንድ እንጫወታለን። ዳኛችን ጋሽ ገብረ ክርስቶስ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «አሥራ አንድ ነጥብ ሰላምታ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» ይላሉ። የኮሚኒቲ ሴንተሩ ሠራተኞች ነገሩ ገርሟቸው፣ ገርሟቸው፣ በመጨረሻ ተዉን።

ዘርይሁንን ያገኘሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ቀን ሃያ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ አሸነፈኝና ይቅርታ ጠየቀኝ። ማሸነፉ ሳይሆን ይቅርታው አናደደኝ። በሚቀጥለው እሑድ እኔ አሸነፍኩት፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም። እሱ ሳቀ። ሲስቅ ራሱን ወደ ጎን ዘንበል ያደርጋል፤ ያንን ሳቅ ለማየት ብዬ ስንት እሑድ በበረዶ እንደመጣሁ እኔና ዳንዳስ መንገድ ላይ የሚሄደው የከተማ ባቡር፣ ስትሪትካሩ፣ ብቻ እናውቃለን።

አገር ቤት የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። እዚህ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ በማታ ጥበቃ ይሠራ ነበር። እኔ ደግሞ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው ትልቅ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ የሚመልሱ ሠራተኞች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ከአራት ዓመት በፊት አስገባሁት፤ የማታ ጥበቃውን ግን አልለቀቀም። የእኛ ሰው ደግሞ አንድ በር ከተከፈተለት ብቻውን አይገባም፤ ዘርይሁን አምሃን አመጣ፣ አምሃ ሌላውን ጎተተ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ሃያ አንዶች አራተኛው ፎቅ ላይ ሰፈርን።

ወይ ያ ፎቅ! የምሳ ሰዓት ሲደርስ የስብሰባ ክፍሉን ጠረጴዛ እንቆጣጠረዋለን። መረብ የለንም፤ ወፋፍራም የፋይል ማቀፊያዎች መሀል ላይ ደርድረን መረብ እናደርጋቸዋለን። ኳሷ እየነጠረች ወንበር ሥር ስትገባ አምሃ በሆዱ ተኝቶ ያወጣታል። ዘርይሁን ከጃኬቱ ኪስ ቆሎ ያወጣና ሳያየኝ በወረቀት ላይ አጠገቤ ያፈስልኛል። «ሱፐርቫይዘር፣ ሰርቭ ያንቺ ነው» ይለኛል። በመስኮቱ የሚገባው የክረምት ፀሐይ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያየኛል፤ እኔም ሰርቭ ማድረጉን እረሳዋለሁ። ደመወዙ ይህን ያህል አልነበረም፣ ደንበኛው ቀኑን ሙሉ ይጮህብናል፣ አሳንሰሩ በየሳምንቱ ይበላሻል። ያ ሁሉ ሆኖ የሚናፍቀኝ ያ ፎቅ ነው። ደስተኛ መሆኔን ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አልተነጋገራችሁም?» ትሉኝ ይሆናል። እናቴን ስለማታውቋት ነው። ወይዘሮ ትርፌ ሰው ሲተዋወቃት መጀመሪያ የምትጠይቀው የአባትን ሥራ ነው። አንድ ቀን ዘርይሁን ከጨዋታ በኋላ እስከ ቤት ሸኘኝ። በሩን ከፈተችና ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ማነው?» አለች። እኔም «አብሮኝ የሚሠራ ነው» አልኩ። ይህንኑ ብቻ! እሱም አንዴ አየኝና «አዎ እማማ፣ አብረን ነው የምንሠራው» ብሎ ተሰናብቶ ሄደ። ግባ ሳትለው በሩን ዘጋች። እኔም ጫማዬን አወለቅኩ።

ኅዳር ላይ መጣ ጉዱ።

አርብ ከሰዓት አለቆቹ ሱፐርቫይዘሮችን ሰበሰቡና በሩን ዘጉ። ሰኞ ጠዋት ሰው ሊቀነስ ነው፣ ዝርዝሩ ይኸውላችሁ፣ ቀድሞ ያወራ አብሮ ይሰናበታል፣ ፈርሙ አሉን። ዝርዝሩን አየሁት። ከእኔ በስተቀር ሃያ አንዶች ሁሉ አሉበት። ፈረምኩ።

ቅዳሜ ቤታችን እንግዳ ነበር። ከኦታዋ የአንድ ሐኪም ወላጆች ልጃቸውን ይዘው መጥተው እናቴ ዶሮ ሠርታ ጠበቀቻቸው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ክፉ አይወጣውም። ሲሄዱ እናቴን ወጥ ቤት ጠራሁና «አላገባውም፣ ሁለተኛ እንዳትጠሪያቸው» አልኳት። ቅዳሜ ለእኔ በዚሁ አለቀች። ሐሳቤ ሁሉ ሰኞ ላይ ነበር።

እሑድ ሄድኩ። መቅረት ነበረብኝ፤ ግን ሄድኩ። አምሃ ኬክ ይዞ ጠበቀን። ሚስቱ ሦስተኛቸውን ፀንሳለች። ኬኩን እየቆረሰ «ሌላ መሥሪያ ቤት ና ብለውኝ እስከ ዛሬ መልስ ስጠን ብለውኛል፤ እናንተን ትቼ የት እሄዳለሁ? ማታ አልፈልግም ብዬ እጽፍላቸዋለሁ» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ኬኩን ዋጥኩት።

ከዚያ ከዘርይሁን ጋር ገጠምኩ። ጎንበስ ብሎ ኳስ ሲያነሳ ቀስ ብሎ «ነገ የጥበቃ ሥራዬን ልለቅ ነው። ከእንግዲህ ማታ ማታ ነፃ ነኝ» አለኝ። ለምን እንደነገረኝ ገብቶኛል። ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር። ቀና ብዬ ባየው ኖሮ ሁሉን ነገር እዘረግፍለት ነበር። ስለዚህ መረቡን እያየሁ «ጎሽ» አልኩት። ሃያ አንድ ለስድስት ተሸንፌ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ።

ሰኞ ሁሉም ተባረሩ። እኔንም ጥር ላይ፣ የፈረምኩላቸው ሰዎች፣ በዚያው ክፍል አስቀምጠው አሰናበቱኝ።

ከዚያ በኋላ ዘርይሁን ሌላ ሰው ሆነ። «ጤና ይስጥልኝ» ይለኛል፣ እንደማያውቀኝ። ሌላኛው ጠረጴዛ ላይ ይጫወታል። አወቀብኝ ብዬ ደመደምኩ። አምስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩለት። አንዱ «ውድ ዘርይሁን፣ ቀድሜ አውቄ ነበር» ይልና እዚያው ይቆማል። ሌላው ሦስት ገጽ ሆኖ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል፣ ስለዚያ ነገር ብቻ አያወራም። አምስቱንም ቀደድኳቸው።

ሥራ ፍለጋው ደግሞ የራሱ ኮሜዲ ነበረው። እኔም ከተባረርኩ ወዲያ የመጀመሪያው የሥራ ወሬ ሲመጣ ስድስታችንም እዚያው ቦታ ላይ አፕላይ አደረግን። ሪፈረንስ፣ ምስክር የሚሆናችሁ ሰው፣ ሲባል ማንን እንጻፍ? እርስ በርሳችን ተጻጻፍን። ቀጣሪዋ ሴትዮ አምሃ ዘንድ ደውላ ስለ ዘርይሁን ትጠይቃለች፤ ዘርይሁን ዘንድ ደውላ ስለ እኔ፤ እኔ ዘንድ ደውላ ስለ አምሃ። በመጨረሻ «ይቅርታ፣ እናንተ ስንት ናችሁ?» አለችኝ። ስድስታችንንም በአንድ ኢሜይል ሸኘችን።

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ይህን ሲሰሙ ራኬታቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «እቁብ እየጣላችሁ አድጋችሁ እንዲህ ትሻማላችሁ? ከዛሬ ጀምሮ ሥራም በዕጣ ነው!» አሉ። ሕጉን እሳቸው አወጡ። እሑድ እሑድ የተገኘ የሥራ ወሬ ይቀርባል፤ ሥራ የሌለው ሁሉ ስሙ ኮፍያቸው ውስጥ ይገባል፤ የወጣለት እሱ ብቻ ያመለክታል፤ ሌሎቻችን ሪዙሜውን እናርማለን፣ ኢንተርቪው እናለማምደዋለን። ዕጣውን ለሌላ መልቀቅም ይቻላል። ግን እንደ እቁቡ ሁሉ፣ ሰው ፊት ቆሞ ለማን እንደለቀቀና ለምን እንደለቀቀ መናገር አለበት። «ምክንያት የሌለው ስጦታ ሐሜት ያመጣል» አሉ ጋሼ። በዚህ መንገድ ሦስት ሰው ሥራ ገባ።

መጋቢት ላይ፣ በረዶው ወደ ጭቃነት በተቀየረበት አንድ እሑድ፣ ዘርይሁን ዘግይቶ ገባ። ራኬት አልያዘም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስሜን አያስገቡ» አለ። «የአጎቴ ልጅ ኤድመንተን የሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቶልኛል። ሐሙስ እሄዳለሁ።»

 እኔ ከአምሃ ጎን ወንበር ላይ ነበርኩ። ኤድመንተን! ሦስት ቀን ተኩል በመኪና።

«እስከ ሐሙስ አባል ነህ። ስምህ ይገባል!» አሉ ጋሼ ተቆጥተው።

የዕለቱን ሥራ ያመጡት የእናቴ የቡና ወዳጅ እትዬ አሰፋሽ ናቸው። እትዬ አሰፋሽ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሲሠሩ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ በስድሳ አራት ዓመታቸው ዛሬም እንደ መድፍ ይመታሉ። ቢሮው ሺፍት የሚደለድል ሰው ይፈልጋል። ቀን ቀን ብቻ፣ ቋሚ ሥራ፣ ኢንሹራንስ ያለው። ሁላችንም ምራቃችንን ዋጥን። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕጣ ለሌላ ሰው እንዲወጣ ጸለይኩ። የእሱ ስም ይውጣ፤ ከወጣ ይቀራል። ሌላ የምለምነው ነገር አልነበረኝም።

እትዬ አሰፋሽ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ኮፍያው ውስጥ ከተቱ። ወረቀቱን ዘረጉት።

«ዘርይሁን!»

ከደስታዬ የተነሳ የአምሃን ክንድ ጨመደድኩት። «ቀረ! ቀረ!» እላለሁ በልቤ።

ዘርይሁን ወረቀቱን ተቀበለ።  ከዚያ ቆመ።

«ዕጣዬን ለቅቄያለሁ» አለ። «ለጸዮን።»

«ምክንያት» አሉ ጋሼ።

 ወደ እኔ አላየም። «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ የትም አድራለሁ። እሷ ጎጆ ልትወጣ ነው። አዲስ ቤት ለምትመሠርት ሰው ሥራ ይቅደም። ስምንት ዓመት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስትቆም ደስታዬ ነበር። ሌላ የምሰጣት ነገር የለኝም። ለሠርግሽ ይሁንልሽ፣ ጸዮን።» ወረቀቱን ሳያየኝ ጭኔ ላይ አኖረው።

እትዬ አሰፋሽ አላስጨረሱትም። «እልልልልል!» ብለው አዳራሹን አናወጡት። ሌላውም ያጨበጭባል። የጎረቤት ክፍል የዮጋ ሰዎች በሩን ከፍተው አዩን።

«ማን ነው የሚያገባኝ?» ብዬ ጮህኩ።

እልልታው መሀል ላይ ቆመ።

«የኦታዋው ሐኪም ነዋ!» አለ ዘርይሁን። አሁን አየኝ። ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ቅዳሜ ዕለት ሽማግሌ መጥተው አልነበር? ኋላ እትዬ አሰፋሽ ነገሩኝ። በማግስቱ ነፃ ነኝ ስልሽ ፊትሽን አዞርሽብኝ። ዓይንሽን ነፈግሽኝ። ከዚያ በላይ ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«ውይ በሞትኩት! እኔ መጡ አልኩ እንጂ ተቀበሏቸው አልኩ?» አሉ እትዬ አሰፋሽ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ።

ያኔ ገባኝ። አላወቀብኝም። አራት ወር ሙሉ በሌላ ነገር ነበር የቆሰለው። «የማገባው ሰው የለም» ብዬ ብቀመጥ ያልቅ ነበር። ግን ፊቱ ላይ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ታዲያ ለምን ዓይንሽን ነፈግሽኝ እያለ ነው። ለዚያ ጥያቄ ያለኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፣ ያንንም አምሃ አጠገቤ ተቀምጦ ሊሰማው ነው። ውሸት ነገር ፈለግኩ፤ እግዜር ይወቅልኝ፣ ፈልጌ ነበር። ካሁን በኋላ ግን ለዚህ ሰው መዋሸት አልቻልኩም።

«ከአርብ ጀምሮ አውቅ ነበር» አልኩ።

«ምኑን?»

«ሰኞ እንደምትባረሩ። ዝርዝሩን አርብ አሳዩኝ። የሁላችሁም ስም ነበረበት፤ የእኔ ግን አልነበረበትም። እንዳላወራ አስፈረሙኝ፣ ሥራዬን ፈራሁና ፈረምኩ። አምሃ ኬክ ሲቆርስ አውቅ ነበር። ሌላውን ሥራ አልፈልግም ብዬ ልጽፍላቸው ነው ሲል አውቅ ነበር። አንተ ነገ ልለቅ ነው ስትለኝም አውቅ ነበር። ዓይንህን ያላየሁት ሌላ ሰው ስለወደድኩ አይደለም፣ ዘርይሁን። አንተን እያየሁ ዝም ማለት ስለማልችል ነው። እኔ የምወደው አንተን ነው። ከፈለጋችሁ አሁን አስወጡኝ።»

እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም አላባበለኝም። ማንም ደግሞ አልተሳደበም፤ ስድቡ በተሻለኝ ነበር።

አምሃ ቀስ ብሎ ክንዱን ከእጄ አወጣ። «ያን ቀን አንዲት ቃል ብትይኝ ኖሮ» አለ። «ሽንት ቤት በኩል ጠርተሽ፣ አትጻፍላቸው ብትይኝ። ለምን ብዬ እንኳ አልጠይቅሽም ነበር።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሱ ነው የገደለኝ።

ዘርይሁን የሰጠኝ ወረቀት ጭኔ ላይ ነበር። ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ዕጣዬን ለቅቄያለሁ። ለአምሃ። ምክንያቱን ሰምታችኋል።»

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ መነጽራቸውን አውልቀው አሸት አሸት አደረጉ። «ሕጉ ይፈቅዳል» አሉ በመጨረሻ። አምሃ ወረቀቱን ተቀበለኝ። አላመሰገነኝም፣ አላየኝምም። ልክ ነው። በር ላይ ስደርስ ግን ከኋላዬ «እሑድ ኢንተርቪው የምታለማምጂኝ አንቺ ነሽ» ሲል ሰማሁት። ደረቅ ብሎ ነው ያለው። እኔ ያንን ቃሉን ይዤ ኮሪደሩ ውስጥ ስንሰቀሰቅ ወጣሁ።

ዳንዳስ ላይ የስትሪትካሩ ማቆሚያ ጋ ቆምኩ። ጭቃው ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። ራኬቴን እዚያው ትቼዋለሁ፣ ሻርፔንም። ስምንት ዓመት ያላልኩትን ቃል በመጨረሻ ተናገርኩት፤ የተናገርኩትም ሰው ፊት እየተዋረድኩ ነው። ሐሙስ ይሄዳል። ይሂድ፣ እኔ ብሆንም እሄዳለሁ አልኩ።

ከኋላዬ እግር ሰማሁ። ዘርይሁን ካፖርት አልለበሰም። ሻርፔን ይዞ መጥቷል፤ አላለበሰኝም፣ ዘረጋልኝ።

«ነገ ልለቅ ነው ስልሽ ጎሽ አልሽኝ» አለ።

«አልኩህ።»

«ጎሽ!»

«አዎ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ብቻሽን ይዘሽው ነበር? ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ? እኔ ለማን እናገርብሽ ነበር? ከአንቺ ሌላ የማዋራው ሰው አለኝ እንዴ?»

 ከንፈሩ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ስትሪትካሩ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ነጂው ትከሻውን ነቅንቆ ዘጋው።

«ተቆጥቻለሁ፣ ጸዮን። በጣም ነው የተቆጣሁት።»

«ተገቢ ነው። ተቆጣኝ።»

«ዛሬ የሚያልቅልሽ እንዳይመስልሽ። ነገም አለ። የዛሬ ሳምንትም አለ። ትዝ ባለኝ ቁጥር አነሳዋለሁ።»

«ሐሙስ ልትሄድ አይደል?» አልኩት።

ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ፤ አልሳቀም፣ ለመሳቅም ገና ነበር።

«ይህን ሁሉ በስልክ ነው የምቆጣሽ?» አለ። «ኤድመንተን ቁጭ ብዬ? አይሆንልኝም። ፊት ለፊቴ ካልሆንሽ አይወጣልኝም። ለአጎቴ ልጅ ዛሬ እደውልለታለሁ፤ አልመጣም እለዋለሁ።»

ሥራ የለውም። እኔም የለኝም። ያ ሁሉ ያስፈራኛል፣ ያኔም አስፈርቶኛል። ልፍራ ወይስ ደስ ይበለኝ አላወቅኩም፤ ሻርፔን ግማሹን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት፣ አልከለከለኝም። ከዚያ እንደገና ከአርብ ጀምሮ ተቆጣኝ። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል። ቆሜ ሰማሁት። ሰው እየተቆጣኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።